«ያሺካው ይበልጣል»

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ ለአሻግሬ። ከሊማሊሞ አፋፍ እስከ ወንጂ ሜዳ ያለውን አገር ሁሉ አልፎ ሰላምታዬ እደጅህ ይግባ። እንደምን ከርመሃል? ዓለምዬስ እንደምን ከረመች፣ ያ በክረምት የሚነሳባት የጎን ውጋት ለቀቃት? ማዕረግ የፊት ጥርሷን ነቀለች ብለህ ጽፈህልን ነበር፤ በቀለላት ወይስ አሁንም ስትስቅ በእጇ ትሸፍናለች? የአንተስ ሳል? የሸንኮራው ጭስ ያብስብኛል ካልከኝ ወዲህ እዚህ ሰው ባሳለ ቁጥር ልቤ ወደ አንተ እየሄደ ተቸግሬአለሁ። እኛ ለዚህ ያደረሰን አምላክ ይክበርና በሕይወት አለን። ጾሙን ይዘነዋል፣ አንተንም በሰላም ያስፈጽምህ። ቢራራ ወገቡን ያመዋል፤ ሲጠይቁት ግን ደህና ነኝ ይላል፤ ባሌን ታውቀዋለህ።

ይህ ደብዳቤ በፖስታ አልመጣልህም። የጭነት መኪናው ሾፌር አለነ ነው በባቄላ ከረጢት ውስጥ አድርጎ ያደረሰልህ፤ ባቄላውንም ብሉት፣ የዳባት ባቄላ ነው። በሩን ዘግተህ አንብብና ወረቀቱን እሳት ውስጥ ጣለው። በሁለት ካርቶን መሀል ያሸግሁትን ፎቶ ግን አደራህን እንዳታቃጥል። ደግሞ እንደ ልማድህ ወደ መጨረሻው ዘለህ እንዳታነብ። ሆድህ እንዳይባባ አንዱን ነገር ከፊቱ ልንገርህ፦ እኔ ዘንድ ሆኖ ሲማር የኖረው ልጅህ ደምለው ከቤቴ ከወጣ ወር አልፎታል፣ የመጣውም ወደ አንተ ነው። ደርሶ ከሆነ አሁን አጠገብህ ቁጭ ብሎ በጽሕፈቴ ይስቃል። ካልደረሰ ግን፣ ወንድሜ፣ ተቀመጥና ቀስ ብለህ አንብበው፤ እኔም ቀስ ብዬ እጽፋለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሁለት ካሜራዎች ነው። የቢራራን ያሺካ ታውቃታለህ፤ ከአስመራ ሲያመጣት ሊማሊሞን እስኪወጣ ጭኑ ላይ እንደ አራስ ልጅ አቅፏት ነበር። አንተ ከሄድክ በኋላ ደግሞ ይግዛው የሚባል ባለ ረጅም ሪዝ ሰው ከገበያው ማዶ ፎቶ ቤት ከፈተ። የሱ ካሜራ ካኖኔት ትባላለች፤ ዋልያ ሊያይ ከመጣ ፈረንጅ ላይ ገዝቷት ነው። ሁለቱም ካሜራዎች ሌንሳቸው ከአካላቸው ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ እንደ ቁርባን ጋብቻ አይፈታም። ሌላው ፎቶ አንሺ ሌንሱ ካላማረው ነቅሎ ይቀይራል አሉ፤ የኛዎቹ ግን የደረሳቸውን ይዘው መኖር ነው። ስለዚህ የአንዱ ሌንስ ሲታማ ሚስቱ የታማች ያህል ይንገበገባል። እኔ ስታማ እንዲያ ሲንገበገብ ግን አይቼው አላውቅም።

እንግዲህ ደባርቅ ስትባል ሥራ ያላት አትመስልም፤ ስንት ዓመት ሙሉ የትኛው ሌንስ ይበልጣል ስንባባል ኖርን። ያሺካዋ መሀሉን ታጠራዋለች፣ የሰውን ፊት ደግሞ ታለሰልሰዋለች፤ ሙሽሮች በሷ ካልሆነ አንነሳም ይላሉ። ችግሯ ጠርዙ ነው፤ አንድ ክረምት ሻጋታ ገብቶባት ከዳር ያለው ነገር ይደበዝዝባታል። ቢራራ ይህን በሕይወቱ አምኖ አያውቅም። ካኖኔቷ ከመሀል እስከ ዳር እኩል ታያለች፣ ጎንና ጎኑንም ትንሽ ሰፋ አድርጋ ትወስዳለች፤ ርኅራኄ ግን የላትም። የፈንጣጣ ጠባሳ፣ የሽበት ዘለላ፣ የተጣፈ ነጠላ፣ ምንም አታልፍም። ጠላ ሻጯ አረጋሽ አንዴ በካኖኔት ተነስታ ፎቶውን ስታይ ይህቺ እናቴ ናት ብላ ለይግዛው መለሰችለትና ፍልሰታ ገብቶ እስኪወጣ ጠላ ከለከለችው። ይግዛው ደግሞ መስተዋት ጠልተሽ ሌንስ ትከሺያለሽ እያለ በየሄደበት አወራባት።

ክርክሩ መላ ሲያጣ ሽማግሌ ገባበት፤ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ናቸው የዳኙት። ሥርዓቱንም እሳቸው አወጡ። በየዓመቱ ጥምቀት ሁለቱ ፎቶ አንሺዎች ትከሻ ለትከሻ ቆመው አንድ ዓይነት ፎቶ ያነሳሉ። በጠራራ ማንም ሌንስ ጀግና ነው ብለው ፀሐይ ሳይከር፣ የሌንሱ ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ መሆን አለበት አሉ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሁለቱም እኩል ይጫናሉ። ከዚያ ፊልሙ ይታጠብና ይቀመጣል። ፍርዱ በቅበላ ነው፤ መሪጌታ በአጉሊ መነጽር አይተው የተሸነፈው በግ ያርዳል፣ ከተማውም ከሁዳዴ በፊት የመጨረሻውን ሥጋ በሱ ትከሻ ይበላል። አምና እኩል ነው ተብሎ ማንም አላረደም፤ ሰው ሁሉ አዘነ። ስለዚህ ዘንድሮ መሪጌታ አዲስ ነገር ጨመሩ፤ ታቦቱ የሚከለልበት ድባብ ከፎቶው ጠርዝ ላይ ይሁንና የድባቡን ዘርፍ አጥርቶ ያስቆጠረ ያሸንፍ አሉ። ቢራራ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት፣ ግን ጠርዜ ደካማ ነው ብሎ እንዴት ይናገር። እንዲያ ተደረገ። ጥምቀት ነጋ፣ መቋሚያው ተነሳ፣ ሁለቱም ተጫኑ፣ ሕዝቡም አጨበጨበላቸው። ከድባቡ ሥር፣ ከፎቶው ጠርዝ ላይ፣ ማን ቆሞ እንደነበር ያን ጊዜ ያሰበ የለም።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ወሬ ተነሳ። ከበረሃ የገባ ሰው ነጭ ለብሶ ከዘፋኙ መሀል ታይቷል፣ ከአንድ ወጣት ጋርም ትከሻ ተቃቅፎ ሲያወራ ነበር ተባለ። ወጣቱ ማን እንደሆነ አልታወቀም። ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ አዲስ ካድሬ አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም፣ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ሰው እየጠራ መጠየቅ ጀመረ። በዚህ ወሬ ብቻ ሁለት ልጆች ከገበያ ተወስደው እስካሁን እናቶቻቸው ስንቅ ይዘው በር ላይ ይውላሉ። ስማቸውን አልጽፍልህም፣ የምታውቃቸው ቤተሰቦች ናቸው።

አንድ ማታ እራት ቀርቦ ደምለው እጁን ታጥቦ ቁጭ አለና አልበላም። ምነው ስለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ ያ የሚፈልጉት ሰው ያወራው ከእኔ ጋር ነው» አለኝ። አብሮት የተማረ፣ ዓምና ጠፍቶ ወደ በረሃ የወጣ ልጅ ነው። መጥቶ እናቴ ደህና ናት ወይ ብሎ ጠየቀው፣ ደምለውም ደህና ናት አለው፤ ልጁ ደስ ብሎት ትከሻውን አቀፈው፣ ይኸው ነው። በሌላ ጊዜ ይህ ምን ወንጀል ነው? ዘንድሮ ግን ለዚህ ሰው ይሞታል። የት ቆማችሁ ነበር ብሎ ቢራራ ሲጠይቀው ከድባቡ ሥር አለ። ቢራራ የያዘውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

ተነስቶ ፊልሙን አመጣና በኩራዝ አየው። ብዙ አየው። ከዚያ ያን ሁሉ ዓመት አፉን ሞልቶ ሲክድ የኖረው ሰውዬ «ጠርዙ ሞቷል፤ ማንም አይለየውም፣ ተመስገን» አለ። እኔም ተመስገን ልል ስል ሁለታችንም እኩል ትዝ አለን። ይግዛው ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ በየጠላ ቤቱ ዘርፉን አንድ በአንድ ቆጠርኩት፣ የቢራራ በግ ተገዛ እያለ ነበር። ዘርፉ የሚቆጠር ከሆነ ከዘርፉ ሥር ያለው ፊት ምን ሊሆን ነው? ይግዛው ዘንድ ሄጄ እግሩ ላይ ልውደቅ አልኩ። ቢራራ አይሆንም አለኝ። ለኩራቱ እንዳይመስልህ፤ የአብዮት ጥበቃ ዘበኛ ከፎቶ ቤቶቹ መሀል ቆሟል፤ ሁለቱ ፎቶ አንሺዎች ፊልማቸውን ይዘው በማግስቱ አዳራሽ እንዲቀርቡ፣ እስከዚያ ከቤት ወደ ቤት እንዳይደራረሱ ታዝዘዋል። ካድሬው የጥምቀቱን ውድድር ሰምቷል። በደባርቅ ያልሰማ የለማ፤ እኛው ነን እልል ያልንለት።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ደምለውን ወደ ትምህርት ቤቱ ላክሁት፤ ቢቀር ነው የሚያሳማው። እኔ ከአረጋሽ ጎን ተቀመጥኩ። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትሁት። መሪጌታም ተጠርተው ከፊት ተቀምጠዋል። ካድሬው ተነስቶ በዚያ ለስላሳ ድምፁ ነገሩን አስረዳ። የጠላት ሰው ከፎቶው ዳር ላይ እንደቆመ ተደርሶበታል፣ አብሮት የነበረውም መታወቅ አለበት። ትንሹ ፎቶ ላይ ሰዉ የምስር ፍሬ ያህል ስለሆነ መጉላት ይኖርበታል። የአስመራ መንገድ ከተበላሸ ወዲህ ግን ለፎቶ የሚሆን ትልቅ ወረቀት አልመጣም፤ በከተማው የቀረው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከነማጉያ መሣሪያው ይግዛው ቤት ነው። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ፊልም። ስለዚህ ከሁለቱ የሚበልጠው ይመረጥ፣ ባለሙያዎቹም እውነቱን ይናገሩ አለ።

መጀመሪያ ቢራራን ጠየቀው። ቢራራ የእኔ ይበልጣል አለ። ዕድሜውን ሙሉ ያለውን ቃል ነው ያለው፣ ያን ዕለት ግን እንደማይበልጥ እያወቀ። ሕዝቡ ሳቀ፤ እንደ ወትሮው ይግዛው ተነስቶ ሊፎክር ነው ብሎ ተመቻቸ። ይግዛው ተነሳ። ሪዙን ዳሰስ አደረገ። ወደ እኔ አንድ ጊዜ አየ፣ ቶሎም ዓይኑን አነሳ። ፊልሙን በአጉሊ መነጽር ያየ ሰው ነው፤ ከድባቡ ሥር ማን እንዳለ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ወንድሜ፣ ያን ጊዜ ነፍሴ የነበረችው በዚያ ሰው ምላስ ላይ ነው፤ ባሌን አስር ዓመት ሲሰድብ በኖረ ምላስ ላይ።

«ያሺካው ይበልጣል» አለ።

የሰማ ሰው አልሰማሁም ብሎ ጎረቤቱን ያያል። ካድሬው አገሩን ስለማያውቅ ሊያልፈው ነበር፤ አረጋሽ ግን ከአጠገቤ ጣልቃ ገባች። ምነው ይግዛው፣ ትናንትና እኔው ቤት ዘርፉን አንድ በአንድ ቆጠርኩት ስትል አልነበር ወይ ብላ ጮክ ብላ ጠየቀችው። ክፋት የላትም፣ ታውቃታለህ፤ ነገር አፏ ላይ አያድርም። ከነጠላዬ ሥር ጭኗን ጨመደድኩት። ዞር ብላ ፊቴን አየችው፣ ምን እንዳየችበት አላውቅም፣ ከንፈሯን ገጠመች። ካድሬው ግን ወደ ይግዛው ዞሮ ነበር። ይግዛው ሳይቸኩል «የቆጠረው ጠላሽ ነው፣ አረጋሽ። እኔ ምን ቆጠርኩ?» አላት። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፣ ካድሬውም ፈገግ አለ። ይግዛው ቀጠለና የኔዋ ለወሬ ነው የምትሆነው፣ ፈረንጁም የሸጠልኝ አላይ ብላው ነው፤ ስፎክር የኖርኩት ገበያ እንዳላጣ ነው አለ። ይህን ሁሉ ደንበኞቹ በተሰበሰቡበት፣ ሚስቱ ስጦታ በሩ ላይ ቆማ እየሰማች።

ካድሬው እንዲያም ሆኖ አልረካም፤ መሪጌታን እርስዎ ዳኛው ነዎት፣ ምን ይላሉ አላቸው። መሪጌታ ቄስ አስተማሪ ናቸው፣ እንኳን በአዳራሽ በሕልማቸውም አይዋሹም። አንገታቸውን ደፍተው ፊልሞቹን ገና አላየኋቸውም፣ ፍርዴም በቅበላ ነው አሉ። ከዚያ ቀና ብለው «ሰው በራሱ ላይ ሲመሰክር ግን ሌላ ምስክር አይፈለግም» አሉት። ካድሬው ራሱን ነቀነቀና የቢራራን ፊልም አንሱ አለ።

የቀረውን ቢራራ ነው የነገረኝ። ካድሬው አብሯቸው ጨለማው ክፍል ገባ። መብራቱ ከመኪና ባትሪ ነው። ይግዛው በገዛ እጁ የቢራራን ፊልም አስገብቶ፣ የከተማውን የመጨረሻ ወረቀት ዘርግቶ፣ መድኃኒቱ ውስጥ ነከረው። የራሱ ፊልም በቆርቆሮ ዕቃ ሆኖ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ጎንበስ ባለ ቁጥር ኪሱ ከካድሬው ክርን ጋር ይነካካል። መጀመሪያ መሀሉ ብቅ አለ። የመሪጌታ ጢም ፀጉር በፀጉር፣ የቄሱ መስቀል ከነጉጡ። ካድሬው ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው እያለ ተጠጋ። ቢራራ ሌንሴ እንዲህ አምሮ አያውቅም ይላል። ከዚያ ዳሩ መጣ። ከገደል ሥር የሚወጣውን የሰሜን ጉም ታውቀው የለ? እንዲያ ነው የመጣው። ድባቡ ደመና፣ ከሥሩ ያለው ሰው የነጠላ ጭላጭ። ካድሬው ጣቱን እርጥቡ ወረቀት ላይ አድርጎ ፈለገ፣ አጣ። የሚበልጠው ይህ ከሆነ የባሰውን ምን አደርገዋለሁ ብሎ እጁን ጠርጎ ወጣ። የይግዛውን ፊልም አምጣው እንኳ አላለውም።

ደምለው ግን ገና አልተረፈም ነበር። ፎቶ ባይናገር ሰው ይናገራል፣ ከአፍ የወጣ ደግሞ አፋፍ ነው። በዚያው ሳምንት አለነ ከሊማሊሞ ጨው ጭኖ ወጣ። ረዳቱ አዲ አርቃይ ታሞ ቀርቶበት ነበርና በረዳቱ የይለፍ ወረቀት ላይ የደምለው ፎቶ ተለጠፈ። ያንን ፎቶ ቢራራ ነው በያሺካ ያነሳው፤ ሆነ ብሎ ከወትሮው በላይ አለስልሶ። እንዴት መሰለህ፣ በካሜራዋ መስኮት ስታይ ሰውየው ሁለት ሆኖ ይታያል፣ ቀለበቷን አዙረህ ሁለቱን አንድ ላይ ካልገጠምካቸው ሰውየው ራሱን አይሆንም። ቢራራ ሳይገጥማቸው ተጫነ። ከሩቅ የአለነን ረዳት ይመስላል፣ ከቅርብ ማንንም ይመስላል። ልጅህ የመኪና ግራሶ የጠጣ ኮት ለብሶ ሲሰናበተኝ ሳቀ፤ እትዬ፣ የጋሼ ቢራራ ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመ አለኝ። ቢራራ ሰምቶታል፤ አልተቆጣም።

ኮሶዬ ፍተሻ አለ። አለነ እንደነገረኝ ያን ጠዋት ብርዱና ጉሙ አንድ ሆኖ ወታደሩ ጣቱ ደንዝዞ ወረቀቱን ሁለቴ ጣለው። ፎቶውን አየ፣ ደምለውን አየ፣ ደግሞ ፎቶውን አየ። ይሄ ፎቶ አንሺ ዕውር ነው እንዴ ብሎ ጠየቀ። አለነ የደባርቅ ፎቶ እንዲህ ነው አለው፣ አለፉ። አዘዞ ሲደርሱ ደምለው ወረደ፣ በባሕር ዳር በኩል ወደ አንተ እመጣለሁ ብሎ። ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የለም። ሰው ባየሁ ቁጥር ከደቡብ የመጣ ይመስለኛል።

የቅበላው ነገር ደግሞ አለ። በግ ያረደ ማን ይመስልሃል? ይግዛው ነው። ተሸንፌአለሁ፣ ሥርዓት ሥርዓት ነው ብሎ ከተማውን ጠራ። ቢራራ ሥጋውን ሳይነካ ቁጭ አለ። ይግዛው በሰው ፊት ብላ እንጂ አሸናፊው፣ የኔ በግ እንደ ሌንሴ ጎምዛዛ ነው እንዴ እያለ ያጎርሰዋል። ሰው ይስቃል። ቢራራ ጉርሻውን ተቀብሎ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ በርበሬው ነው አለ። መሪጌታ ከዳር ሆነው ሁለቱንም ያዩ ነበር። አጉሊ መነጽሩን ይዘው መጥተው ነበር፤ ከኪሳቸው ግን አላወጡትም።

ከዚያ ወዲህ የይግዛው ፎቶ ቤት ሸረሪት አድርቶበታል። የወረዳው ገበሬ ማኅበራት መታወቂያ ፎቶ ሁሉ በሚበልጠው ካሜራ ይነሳ ተብሎ ታዘዘና ከአምቢኮ ሳይቀር እየተጓዙ ቢራራ ደጃፍ ይሰለፋሉ። ይግዛውን በመንገድ ሲያገኙት ልጆች ሳይቀሩ ዕውር ሌንስ ይሉታል። ስጦታ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰላምታዬን አትመልስም፤ ገበያችንን ወሰዳችሁ ብላ ነው። ለሷም አልነገራትም እኮ። ቢራራ አንድ ቀን በጓሮ በኩል ሄዶ እባክህ መታወቂያውን እኩል እንሥራ ቢለው አባረረው። አንተ በመሀል ስታዝንልኝ ያየ ሰው ምን ይላል፣ አፍህን እንደ ሌንስህ ክዳን ግጠም አለው። እውነቱን ነው። ካድሬው ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ በፎቶ ቤቱ በኩል አልፏል፤ በመስኮቱ አሻግሮ ካኖኔቷን አይቶ ሄዷል። የይግዛው ሌንስ ጥሩ ነው የሚል አንድ ቃል ከአንድ ሰው ከወጣ የይግዛው አንገት ይሄዳል። ለዚህ ነው ማንም የማያውቀው።

ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ወጥቼ ከግቢው ግንብ ሥር ስቆም ይግዛው በአጠገቤ አለፈና ሳይቆም ካርቶን እጄ ውስጥ አስገባ። ለአሻግሬ ላኪለት አለኝ። ምንድን ነው ብለው በጥምቀት ሰሞን አጉልቼ ካወጣሁት ፎቶ ዳር የተቆረጠች ናት፣ ቀሪውንና ፊልሙን አቃጥያቸዋለሁ አለ። ለምን እንዲህ ታደርጋለህ፣ ይቺንም አታቃጥላትም ወይ ስለው ሪዙን ዳሰሰና «አንድ ሰው እውነቱን ይወቀው። እሱም ሩቅ ያለ ሰው ይሁን» አለኝና ሄደ። ያን ፎካሪ ይግዛውና ይህን ይግዛው እንደዚያ መስኮት ሁለት አድርጌ ሳያቸው ከርሜ ነበር፤ ያን ዕለት አንድ ላይ ገጠሙልኝ።

ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አየሁት። አንተም አሁን አውጥተህ እየው። ሌላው ልጅ ተቆርጦ ወጥቷል፣ ከትከሻው ላይ ያለው የእጁ ጣት ብቻ ነው የቀረው። ከላይ የድባቡ ዘርፍ ነው፤ ከፈለግህ ቁጠረው፣ ይቆጠራል። ከሥሩ ልጅህ ነው። ቅንድቡ ላይ ከአህያ ሲወድቅ የተሰፋው ጠባሳ አለ። ላይኛው ከንፈሩ ላይ ፂም ማቆጥቆጥ ጀምሯል፣ እኔ አብሬው እየኖርኩ እንኳ ልብ አላልኩትም ነበር። የናቱን ዓይን ይዟል። ስቆ ሊጨርስ ሲል ነው የተነሳው።

አሁን የምለምንህን ስማኝ። ደምለው ደርሶ ከሆነ መልስ በፖስታ ላክ፣ በደብዳቤው ላይ ስለ እሱ አንድም ቃል አትጻፍ። ስለ ጤናህ፣ ስለ ማዕረግ ጥርስ ጻፍና ከመሀሉ ያ የድሮ ክርክራችሁ እንዴት ሆነ፣ እኔ በበኩሌ ካኖኔቱ ይበልጣል እላለሁ በል። ከሩቅ ያለ ሰው ቀልድ ነው፣ ማንም ቢከፍተው አይጠረጥረውም፤ አንተ ፎቶዎቹን አላየህማ። እኔም ለቢራራ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ይግዛውን ግን በአጠገቡ ሳልፍ ወንድሜ እንዲህ አለ ብዬ በሹክሹክታ እነግረዋለሁ፤ በዚህ ከተማ እንዲህ የሚለው አንድም ሰው አልቀረለትም። ካልደረሰ ደግሞ ስለ ካሜራ አንዳች አታንሳ፤ ዝናብ ዘነበ ወይም አልዘነበም ብለህ ጻፍልኝ፣ ይገባኛል። ብቻ አትዘግይ። ፖስታው ማክሰኞ ነው የሚመጣው፣ እኔም ማክሰኞን ከሰኞ ጀምሬ ነው የምጠብቀው።

ቢራራ እጅ ነስቷል፤ ወገቡን እንዳላሳብቅበት ብሏል። መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል በጸሎት አስቤዋለሁ በይው ብለውኛል፤ ለማን እንደሚጸልዩ አልነገሩኝም፣ አልጠየቅኋቸውምም። አረጋሽም ሰላም ብላሃለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም ጠይቃኝ አታውቅም፣ ለአረጋሽ ይህ ጾም ነው። ለዓለምዬ ጎኗን ሞቅ አድርጋ እንድትይዝ ንገርልኝ፣ ጉንጯንም ሳምልኝ። ማዕረግን ጥርሷ በቀለም አልበቀለም ሳምልኝ። ለደምለውም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ስሙን ከቤትህ ሰዎች ጋር አብሬ ነው የጻፍኩት፤ ሌላ የምጽፍበት ቦታ የለኝም።

እህትህ ማንጠግቦሽ
ደባርቅ፣ መጋቢት ፳ ቀን ፲፱፻፸፩ ዓ.ም.